የነገውን ምግብ ዛሬ ማሰብ
ለእናቶችና ለቤተ ሰብ ሁሉ የተዘጋጀ ትምህርት

እናቶች ሆይ፥

አንዲት እናት የከሳ ልጇን አዝላ ከገጠር ወደ ጤና ጣቢያ መጣች። «ልጁ ትናንት ምን በላ?» ብዬ ብጠይቃት፥ «ምን ይበላል፤ የተገኘውን ነዋ!» ብላ መለሰችልኝ። ነገሩን ስናጣራ በቤቷ ማሽላ አለ፤ ፍየሏ ትታለባለች፤ ዶሮዋም ትጥላለች። ነገር ግን ወተቱና እንቁላሉ ቀፊራ ገበያ እየተሸጠ፥ ልጁ ጠዋትም ማታም እንጀራ በሻይ ይበላ ኖሯል። ይህን የመሰለ ችግር በድሬዳዋ ከተማም፥ በወሂልና በቢዮአዋሌ ባሉት ገጠሮችም ብዙ ቤት ይገኛል። ስለዚህ ምግብን አስቀድሞ ማቀድ ምን እንደሚጠቅምና እንዴት እንደሚጀመር ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

አንደኛ፥ እህል ይበረክታል። 1 ኩንታል ማሽላ ያለው ቤተ ሰብ በቀን 2 ኪሎ ቢያወጣ 50 ቀን ይቆየዋል፤ በቀን 1 ኪሎ ተኩል ቢያወጣ ግን 66 ቀን ይደርሳል። ይህን አስቀድማ የምታውቅ እናት እህሉ መቼ እንደሚያልቅባት ታውቃለች፤ ምን ያህሉን መሸጥ፥ ምን ያህሉን ለክረምት ማስቀረት እንደሚገባም ከባሏ ጋር ትመክራለች። ሳትሰፍር የምታወጣ ግን ጎተራው ሲራቆት ነው የምትደነግጠው።

ሁለተኛ፥ ገንዘብ ይተርፋል። የሚገዛውን ቆጥሮ ገበያ የወጣ ሰው ዓይኑ ባረፈበት ሁሉ አይገዛም።

ሦስተኛ፥ ምግቡ የተሟላ ይሆናል። ሰውነታችን ሦስት ዓይነት ምግብ ይፈልጋል። ኃይል ሰጪ የሚባሉት ማሽላ፥ በቆሎ፥ ስኳር ድንች፥ ዘይትና የመሳሰሉት ናቸው። ሰውነት ገንቢ የሚባሉት ምስር፥ ሽንብራ፥ ቦሎቄ፥ ወተት፥ እንቁላልና ሥጋ ናቸው። በሽታ ተከላካይ የሚባሉት ደግሞ ጎመን፥ ዱባ፥ ካሮት፥ ቲማቲም፥ ማንጎና ፓፓያ ናቸው። ማሽላ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። እህልንና ጥራጥሬን የመቀላቀል ጥቅም በአገራችን ከታወቀ ቆይቷል፤ በ1950ዎቹ የተዘጋጀው የሕፃናት ምግብ ፋፋም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው።

አራተኛ፥ ንጽሕና ይጠበቃል። የድሬዳዋ ሙቀት ለበሰለ ምግብ ጠላት ነው። ጠዋት ተሠርቶ እስከ ማታ የዋለ ወጥ ወይም ገንፎ ጀርም ይራባበታል፤ ሕፃኑንም ተቅማጥ ያስይዘዋል። ምን ያህል እንደሚበላ ያወቀች እናት የሚበቃውን ብቻ ትሠራለች።

እንዴት ይጀመራል?

1. ያለውን ቁጠሩ። በጎተራ፥ በማድጋና በጓዳ ያለውን ሁሉ እዩ። ከጉድጓድ የወጣ ማሽላም ሆነ ለውዝ ከሻገተ አትብሉት፤ ቢታጠብም ቢቆላም መርዙ አይጠፋም።

2. መስፈሪያ ይኑራችሁ። አንዲት ጣሳ ለዚህ ሥራ ብቻ ለዩ፤ በየቀኑ ስንት ጣሳ እንደወጣም በከሰል ግድግዳ ላይ ጭረት አድርጉ። ለዚህ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

3. መጀመሪያ የ3 ቀን ብቻ አቅዱ። ለምሳሌ፥ ሰኞ የማሽላ እንጀራ በምስር ወጥና በጎመን፤ ማክሰኞ ገንፎ በወተት፥ ለማታ እንጀራ በሽሮና በቲማቲም፤ ረቡዕ ንፍሮ፥ ለማታ እንጀራ በቦሎቄና በዱባ። ይህ ከለመደላችሁ በኋላ ወደ ሳምንት ከፍ በሉ።

4. የጾሙን ጊዜ አስቡ። በጾም ወራት ጥራጥሬውን አብዙ፤ በረመዳንም ለማፍጠሪያና ለሱሑር የሚሆነውን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ሕፃናት ግን በማናቸውም ጾም ምግባቸው አይቀነስ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት የሃይማኖት አባቷንና የጤና ሠራተኛውን ትጠይቅ።

5. የልጁን ድርሻ ከሁሉ በፊት አስቀሩ። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም አያሻውም። ከ6 ወር ጀምሮ ጡቱ ሳይቋረጥ ወፈር ያለ ገንፎ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይሰጠው፤ ከ9 ወር በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ ይሁን። 3 እጅ እህልና 1 እጅ ጥራጥሬ ቆልታችሁ፥ አስፈጭታችሁ ገንፎውን ሥሩ፤ ጥቂት ዘይት፥ ወተት ወይም የተቀቀለ እንቁላል ጨምሩበት። ነፍሰ ጡር እናት ከወትሮው 1 ጊዜ፥ የምታጠባ ደግሞ 2 ጊዜ ጨምራ ትብላ።

6. ሻይን ከምግብ ጋር አትስጡ። ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ለደም እንዳይደርስ ያግደዋል። ለሕፃን ጭራሹን አይሆንም።

7. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ቢጠፋ በአመድ። ይኸውም ከመጸዳጃ ቤት መልስ፥ ልጅ ካጸዳዳችሁ በኋላ፥ ምግብ ከመሥራታችሁ በፊት፥ ከመብላታችሁ በፊትና ልጅ ከማብላታችሁ በፊት ነው። የተረፈ ምግብ በሙቀት ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ቶሎ የሚበላውንም እስኪፈላ አሙቁት።

አባቶች ሆይ፥ ይህ የእናቶች ሥራ ብቻ አይደለም። ከገበያ ሲመለሱ ለጫት የሚወጣው ብር አይረሳም፤ ለልጁ እንቁላልና ቦሎቄስ? እህል ሲሸጥም ሆነ ሲገዛ ከባለቤታችሁ ጋር ተማከሩ። ሁለት ዶሮ ከምትጥለው እንቁላል ጥቂቱ እንኳ ለልጁ ቢቀር ቤቱ አይደኸይም።

ያችን እናት በሌላ ጊዜ ሳገኛት «ትናንትስ ምን በላ?» ብዬ ደግሜ ጠየቅኋት። በጣቶቿ እየቆጠረች ነገረችኝ፤ ገንፎ በወተት፥ እንጀራ በምስር፥ ማታ ደግሞ እንቁላል። ማሽላው ያው ማሽላ፥ ፍየሏም ያችው ፍየል ነበረች።

እናንተም ዛሬ ማታ እሳቱን ከማጥፋታችሁ በፊት፥ «ነገ ልጄ ምን ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጃችሁ ከከሳ፥ እግሩ ካበጠ ወይም መብላት እንቢ ካለ ግን በቤት አታቆዩት፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።