ውሃው ሲደፈርስ ምክንያቱን እንዴት እናውቃለን?

የቧንቧ ውሃ ቀለሙን ሲለውጥ ብዙዎቻችን አፍልተን እንጠጣለን። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ዝገትንና እርሳስን ግን አያስወግድም። ስለዚህ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፣ «ቀለሙ ከየት መጣ?» ብለን ነው። ለዚህም አንድ ንጹሕ ብርጭቆና አንድ ነጭ ወረቀት ይበቃሉ።

1ኛ/ ቦታውን እንለይ። ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧና ከወጥ ቤቱ ውሃ ቀድተን በነጩ ወረቀት ፊት እናስተያይ። የቆጣሪው ጠርቶ የወጥ ቤቱ ከደፈረሰ፣ ችግሩ ያለው በራሳችን ሮቶ ወይም ቧንቧ ውስጥ ነው። ሁለቱም ከደፈረሱ ጎረቤትን እንጠይቅ። የደፈረሰው ሙቁ ብቻ ከሆነ ማሞቂያውን እንመርምር።

2ኛ/ ጊዜውን እንለይ። ጠዋት ቀልቶ ጥቂት ሲፈስ የሚጠራ ውሃ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዛገ የብረት ቧንቧ ውስጥ ያደረ ነው።

3ኛ/ ቀለሙን እንመልከት። ወተት የመሰለው ከብርጭቆው ሥር ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነውና አይጎዳም። ቀይና ቡኒ ዝገትን፣ ጥቁር ብዙ ጊዜ ማንጋኒዝን፣ ሰማያዊ አረንጓዴ ደግሞ የመዳብ ቧንቧ መበላትን ያመለክታሉ።

ከሁሉ ይልቅ የምንጠነቀቀው ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ነው። ባዶ የቆየ ቧንቧ በስንጥቁ በኩል የውጭ እድፍ ሊስብ ይችላል፤ ይህም ለሕፃናት የተቅማጥ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን እናፍስሰው፤ የቀረውን አጥልለን፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ለ3 ደቂቃ እናንተክትከው። የፍሳሽ ሽታ ካለው ግን ከቶ አንጠጣው፤ ለውሃ ክፍሉ እናስታውቅ።

ቀለም ራሱ በሽታው ባይሆንም ምስክር ነው። በአሜሪካ በፍሊንት ከተማ በ2014 እ.ኤ.አ. የውሃው ምንጭ በተለወጠ ጊዜ አዲሱ ውሃ ቧንቧዎቹን መብላት ጀመረ። ነዋሪዎች ቡኒ ውሃ በጠርሙስ ይዘው አቤት ቢሉም ቶሎ የሰማቸው አልነበረም። በውሃው ውስጥ ግን ቀለም የሌለው እርሳስም ነበረ፤ በሕፃናት ደም ውስጥም ተገኘ።

እንግዲህ በየጉባኤውና በየፕሮጀክቱ ያለን ሁሉ፣ ውሃ ሲደፈርስ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው ቧንቧ እንደሆነና ቀለሙን በወረቀት እንመዝግብ። «ውሃችን ተበላሸ» ከሚል አቤቱታ ይልቅ፣ እንዲህ ያለው ማስታወሻ የቧንቧ ሠራተኛውን ወደ ትክክለኛው ስፍራ ይመራዋል።