የላላው ቃል፡- ከአንድ ዓመት የዜማ ድርሰት ትምህርቴ

ባለፈው መስከረም የዜማ ድርሰት ኮርስ ስጀምር ክራር መደርደርና ኖታ ማንበብ እችል ስለነበር፣ ደራሲ ለመሆን የቀረኝ ወረቀትና እርሳስ ብቻ መስሎኝ ነበር። አሁን ዓመቱ አልቆ ደብተሬን ሳገላብጠው ግን ብዙው ገጽ በመምህሬ ቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ ነው። ከስህተቶቼ ሦስቱን፣ በተለይ በሚቀጥለው ዓመት ኮርሱን ለምትጀምሩ፣ ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው የመሣሪያዎችን ጠባይ አለማወቄ ነው። አንድ ክር ብቻ ላለው ማሲንቆ ሁለት ድምፅ ባንድ ጊዜ ጻፍኩለት። የዋሽንቱን ዜማ ደግሞ ያለ አንዳች እረፍት ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ አሻገርኩት። ልምምድ ላይ ዋሽንት ነፊው ጓደኛችን ከቦርሳው ሌላ ዋሽንት እያወጣ «ወንድሜ፣ ቢያንስ መቀየሪያ ጊዜ ስጠኛ!» ሲለኝ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የዋሽንት ቀዳዳዎች አንዴ ተለክተው የተበሱ ስለሆኑ ነፊዎች ርዝመታቸው የተለያየ በርካታ ዋሽንቶች ይይዛሉ። ከዚያ ወዲህ ተጫዋቹን ሳልጠይቅ መጻፍ ተውኩ።

ሁለተኛው የኮርድ ነገር ነው። ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች አሉት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። እኔ ከዜማው ሥር ከመጽሐፍ የለመድኩትን ሶል-ሲ-ሬ የሚባለውን ኮርድ ደጋግሜ አስገባሁ። መምህሬ ፒያኖው ላይ ተጫወቱትና «ይሄ ሲ ከየት መጣ?» አሉኝ። እውነትም «ሲ» በቅኝቱ ውስጥ የለም፤ ወደ «ዶ» የሚስብ ጠባይ ስላለውም ትዝታው ትዝታነቱን ያጣል። እሳቸው በመከሩኝ መሠረት ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣውን «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለ አልበም ደጋግሜ አዳመጥኩ። ዜማው የሀገር ቤት ጠባዩን ሳይለቅ ባሱ ከሥር አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይዞት ሲሄድ ሰማሁ። እኔም ኮርዶቼን ግማሽ በግማሽ ሰርዤ ለማሲንቆው ቦታ ለቀቅኩለት።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም የከበደኝ ነው። የዓመቱ መጨረሻ ሥራዬን ለአባቴ መታሰቢያ አደረግሁት። አባቴ አናጺ ነበር፤ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ግጥሙም የራሴ ነው፤ በመዶሻው እጀታ፣ በበራችን መቃን ላይ «አባቴ አለ» የሚል። ቀድቼ ደሴ ላለችው እናቴ በስልክ አሰማኋት። ሲያልቅ ትንሽ ጠበቀችና «እሺ፣ ምን አለ?» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ኖታውን ሳየው ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። «አ»ን ሁለት ምት ጎትቼ «ለ»ን በአጭሩ ጣል አድርጌያታለሁ። ቃሉ ላልቶ «ተናገረ» ሆነ። እናቴ የሟች ባሏን ንግግር ስትጠብቅ ነበር! እኔ ደግሞ ምንም አላስነገርኩትም።

አማርኛ በመጥበቅና በመላላት ትርጉም የሚለይ ቋንቋ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ገና (በዓሉ) እና ገና (ጊዜው አልደረሰም)፣ ዋና (ትልቁ) እና ዋና (መዋኘት)። ፊደሉ ልዩነቱን አያሳይም፤ ዘፈን ላይ ከዜማው በቀር የሚያሳየው የለም። የሚጠብቀው ድምፅ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ «አ»ን አሳጥሬ «ለ»ን ጠንካራው ምት ላይ አሳረፍኩና ዘፋኟ ምላሷን አፍታ እንድታቆይ ምልክት ጻፍኩላት። የተቀየሩት ሁለት ኖታዎች ብቻ ናቸው።

እንደገና ደወልኩ። እናቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ «አዎ፣ አለ» አለች። አጥብቃ ነው ያለችው።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ናት። ግጥሙን ዜማ ከመስጠታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ የሚጠብቀውን ፊደል አስምሩበት። ከዚያም ቃሉን ለማያውቅ ሰው አሰሙትና ምን እንደሰማ ጠይቁት። ዘንድሮ ያደግኩት የጻፍኩት ስለበዛ አይደለም፤ የተሰማውን መጠየቅ ስለጀመርኩ ነው። መልካም የትምህርት ዘመን!