ላይብረሪያኑ ወደ ኮርሱ ይግባ

የአሳይመንት ማስረከቢያ ነገ ነው። ከሥራ ደክሞት የገባው የኦንላይን ተማሪ ግራ ሲገባው ማንን ይጠይቃል? የክፍል ጓደኞቹን፣ በቴሌግራም። ላይብረሪያን እንዳለው ትዝም አይለውም። ንቆ አይደለም፤ በእሱ ዓይን ላይብረሪያን መጽሐፍ የሚያውስ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ሕንፃውን ረግጦት አያውቅም። ስለዚህ እናንተ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ተማሪው ወዳለበት ኮርስ መግባት አለባችሁ።

1. ከመምህሩ ጋር ተነጋግራችሁ በሙድል የኮርስ ገጽ ላይ ስማችሁንና የምትገኙበትን ሰዓት አስፍሩ። የቤተ መጻሕፍቱ ሊንክ ብቻውን አያደፋፍርም። ተማሪው ቀን ሥራ ላይ ስለሚውል ቢያንስ በሳምንት አንድ ምሽት ተገኙ።

2. ጊዜውን ምረጡ። በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጠ ገለጻ አሳይመንቱ እስኪመጣ ይረሳል። የመረጃ ፍለጋ ትምህርቱን ተማሪዎች ርዕስ በሚመርጡበት ሳምንት ስጡ።

3. ከተማሪው ርዕስ ተነሡ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ የማስተርስ ተማሪ «ስለ ወባ ጽሑፍ ፈልጉልኝ» ብላ ጻፈች እንበል። አሥር ፒዲኤፍ ልኮ መገላገል ይቻላል፤ ለሚቀጥለው አሳይመንት ግን ያው ችግር ይጠብቃታል። ይልቅስ «ስለ እነማን? ስለ ሕክምናው ነው ወይስ ስለ መከላከሉ?» ብላችሁ ጠይቋት። «ነፍሰ ጡሮች አጎበር ይጠቀማሉ ወይ?» የሚለው ላይ ስትደርስ የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያውን ፐብሜድን አብራችሁ ክፈቱ። የአጎበርን የተለያዩ የእንግሊዝኛ ስያሜዎች በ«ኦር» አያይዛ በቅንፍ ታስገባ፣ ከዚያ እርግዝና የሚለውን ቃል በ«ኤንድ» ትጨምር። «ኦር» ፍለጋውን ያሰፋል፣ «ኤንድ» ያጠብባል። ሙሉ ጽሑፉ ክፍያ ከጠየቃት ደግሞ ሂናሪን አሳዩአት። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ይህ አገልግሎት በኢትዮጵያ ለተመዘገቡ ተቋማት ነፃ ነው። ተቋማችሁ ተመዝግቦ ከሆነ እንዴት እንደምትገባ ካልነገራችኋት ከየት ታውቃለች?

4. ወሰናችሁን አስታውቁ። ፍለጋውን ታሳያላችሁ፣ የዋቢ አጻጻፉን ታርማላችሁ፤ አሳይመንቱን ግን አትሠሩም። ይህ ከመጀመሪያው ሲነገር መምህሩም ያምናችኋል።

5. ኮርሱ ሲያልቅ «የት ላይ ተቸገራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለሚቀጥለው ተርም ማስተካከያ አድርጉት።

ከደመወዙ ቆርሶ ለሚከፍልና እንቅልፉን ሠውቶ ለሚያጠና ሰው ይህ እርዳታ ችሮታ አይደለም፤ ከትምህርቱ የሚገባው ድርሻ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ መምህር አነጋግሩና የመጀመሪያው አሳይመንት መቼ እንደሚሰጥ ጠይቁ።