በሕዋስ ውስጥ ያለው እንዝርት

በዚህ እትም ትምህርታችን የምናየው አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የዘር ንብረቱን እንዴት በእኩል እንደሚያካፍል ነው።

የሰው የአካል ሕዋስ 46 ክሮሞዞሞች አሉት። ከመከፈሉ በፊት እያንዳንዱ ክሮሞዞም እጥፍ ይሆናል። ከዚያም ሕዋሱ እጥፎቹን ወደ ሁለት ወገን የሚያለያይ የክሮች መዋቅር ይሠራል። መሐሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ሾል ያሉ በመሆናቸው ክር የተጠመጠመበትን የእናቶቻችንን እንዝርት ስለሚመስል እኛም እንዝርት እንለዋለን።

ክሮቹ የሚሠሩት ቱቡሊን ከተባለ ፕሮቲን ነው። አልፋና ቤታ ቱቡሊን ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ ጡብ እየተደረደሩ ቀጭን ቱቦ ያበጃሉ። የቱቦውን መነሻ የሚጥለው ጋማ ቱቡሊን ነው። ኪኔሲን የሚባሉ ፕሮቲኖች በክሮቹ ላይ እየተራመዱ ሁለቱን ጫፎች ያራርቃሉ፤ ዳይኒን ደግሞ ክሮቹን በየጫፉ ይሰበስባል። ሌሎች ፕሮቲኖች እንደ ዘበኛ ይጠብቃሉ፤ አንድ ክሮሞዞም እንኳ በክር ሳይያዝ ከቀረ መከፈሉን ያዘገዩታል።

ቱቡሊን እንዳይደረደር ቢከለከል እንዝርቱ አይሠራም፤ ሕዋሱም መከፈል አቅቶት ብዙ ጊዜ ይሞታል። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ከማዳጋስካር አበባ የተገኘው ቪንክሪስቲን ለበርኪት ሊምፎማ ከሚሰጡት አንዱ ነው። ይህን በሽታ ሐኪሙ ዴኒስ በርኪት በ1958 እ.ኤ.አ. የገለጸው እዚሁ ካምፓላ ውስጥ በሙላጎ ሲሠራ ነበር።

አገራችንም ድርሻ አላት። በኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ቁጥቋጦ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ማይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር አግኝተው በ1972 አሳወቁ። እሱም ቱቡሊንን ያግዳል። ብቻውን ሲሰጥ ጉዳቱ ስለበዛ ተተወ፤ ከእሱ የተሠራ ሌላ ንጥረ ነገር ግን የካንሰሩን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ በ2013 በአሜሪካ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ።

ስለዚህ እዚህ ሙቱንጎም ሆነ ሌላ ቦታ የታመመ ወገን ያለን ሁሉ አጣጥ ቀቅለን አናጠጣ፤ መርዙና መድኃኒቱ የሚለዩት በመጠንና በአሰጣጥ ነው። ቪንክሪስቲን የሚወስድ ሰው ጣቱ ቢደነዝዝ ወይም ሆዱ ቢደርቅ ነርቮችም ቱቡሊን ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ሕክምናውን ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር።

መልመጃ፦
1. የእንዝርቱ ክሮች ከየትኛው ፕሮቲን ይሠራሉ?
2. የዘበኞቹ ፕሮቲኖች ሥራቸውን ቢተዉ አዲሶቹ ሕዋሳት ምን ይጎድላቸዋል ወይም ምን ይተርፋቸዋል?