ስለ ቢላዋ አያያዝና እጅን ከስለት ስለ መጠበቅ

ይህ ትምህርት የተጻፈው በየመንደሩ ለሚያስተምሩ መምህራንና ፊደል ለቈጠሩ ሽማግሌዎች ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ቢላዋ መያዝ የማያውቅ ማን አለ የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በየቤቱ የባልቴቶችን የግራ እጅ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ በሌባ ጣት ወይም በአውራ ጣት ላይ የቈየ የስለት ጠባሳ ማየቱ አይቀርም። ጠባሳው ለብዙዎቹ የተረሳ ነገር ነው፤ ለጥቂቶቹ ግን የአንድ ጣት መሞት ምልክት ነው።

አንዲት አክስት ነበረችኝ፤ በቀጭን ፈትል በአገሩ ሁሉ የታወቀች ነበረች። በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት፥ በኵራዝ ብርሃን ለዶሮ ወጥ የሚሆን ሽንኵርት ስትከትፍ ቢላዋው አዳለጣትና የግራ እጇን አውራ ጣት ከሥሩ በኩል ወጋት። ቍስሉ ከሁለት የገብስ ፍሬ ርዝመት አይበልጥም ነበር። የቡና ዱቄት ነሰነሱበት፥ በጨርቅ አሰሩት፥ ደሙም ቆመ፤ እርሷም ሥራዋን ጨርሳ እንግዶቿን አበላች። በሳምንቱ ቍስሉ ደረቀ፤ አውራ ጣቷ ግን አልታጠፍ አለ። ጥጡን ቆንጥጦ የሚስበው ይኸው ጣት ነበርና፥ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ እንዝርት አላሾረችም። ያን ሌሊት በቤቱ ከነበርነው ውስጥ ጣትሽን እስኪ እጠፊው ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም፤ የጠየቅነውም ደሙ ቆመ ወይ ብለን ብቻ ነው።

ትንሽ ቍስል ይህን ያህል ጕዳት የሚያደርስበትን ምክንያት መምህሩ በክፍሉ ውስጥ በቀላሉ ሊያሳይ ይችላል። ተማሪው የቀኝ ክንዱን ከክርኑ ዝቅ ብሎ በግራ እጁ ይያዝ፤ ከዚያም የቀኝ እጁን ጣቶች እየጨበጠ ይዘርጋ። በያዘው ክንድ ውስጥ ሥጋው ሲላወስ ይሰማዋል። በጣት ውስጥ ጡንቻ የለም፤ ጣትን ከሚያጥፉትና ከሚዘረጉት ጡንቻዎች የሚበዙትና የሚበረቱት በክንድ ላይ ናቸው። ከእነርሱም እንደ ገመድ የጠነከሩ ጅማቶች ተነሥተው፥ በእጅ አንጓ አልፈው እስከ ጣት ድረስ ይዘልቃሉ። እነዚህ ጅማቶች በመዳፍና በጣት ውስጠኛ ገጽ ላይ ከቆዳው ብዙ አይርቁም። አንዱ ጅማት ፈጽሞ ሲቈረጥ በክንድ ያለው ጡንቻ ወደ ራሱ ይስበዋልና ሁለቱ ጫፎች ይራራቃሉ፤ ቆዳው ከላይ ቢገጥምም ጅማቱ ከውስጥ ሳይገናኝ ይቀራል። ሐኪም ቶሎ ካገኘው ሊሰፋው ይችላል፤ በዘገየ ቍጥር ግን ሥራው እየከበደ ይሄዳል። እንዲሁም በእያንዳንዱ ጣት ግራና ቀኝ የደም ሥርና ነርቭ አብረው ይወርዳሉ። ነርቩ የተቈረጠ እንደ ሆነ በዚያ በኩል የጣቱ ጫፍ ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ የምጣዱን ትኵሳት ሳያውቅ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ቢላዋው እንመለስ። ብዙ ሰው ልጆቹን ከስለት ለማዳን ሲል የደነዘ ቢላዋ ይሰጣቸዋል። አሳቡ የርኅራኄ ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ስል ቢላዋ በትንሽ ኀይል ይገባል፥ ሰውም ወዴት እንደሚሄድ ይገዛዋል። የደነዘው ግን ከሽንኵርቱ ልጣጭ ላይ ያዳልጣል፤ ሰውየውም ክንዱን ጭኖ እየገፋ ነውና ቢላዋው ሲያመልጥ በዚያው ኀይል ጣት ላይ ያርፋል። ሌላም ነገር አለ። ዓይንን የሚያስለቅሰው ሽንኵርቱ ሲቈረጥ ከውስጡ የሚወጣው እንፋሎት ነው፤ የደነዘ ቢላዋ ሽንኵርቱን ከመቍረጥ ይልቅ ስለሚጨፈልቀው እንባው ይበዛል። ዓይኑ በእንባ የተሞላና በጢስ የታፈነ ሰው ደግሞ ጣቱንና ሽንኵርቱን ለይቶ አያይም። ስለዚህ ሽንኵርት በቀን፥ ወይም በበር አጠገብ ብርሃን ባለበት ቢከተፍ ይሻላል፤ የበዓል ሽንኵርት የሚበዛ ስለ ሆነ ከዋዜማው ቀን ጀምሮ ቢሠራ ሌሊቱን በእንቅልፍ ልብ ከመክተፍ ያድናል።

ቢላዋ ሲሳል ድንጋዩ ይረጥባል፤ ከሥሩም እርጥብ ጨርቅ ቢነጠፍ አይንሸራተትም። የቢላዋው ጀርባ ከድንጋዩ ላይ የትንሿን ጣት ውፍረት ያህል ከፍ ይላል፤ በዚያው ከፍታ ሳይዋዥቅ በሁለቱም ገጽ እኩል ይሳላል። ስለቱን በአውራ ጣት እየዳሰሱ መፈተን መጥፎ ልማድ ነው፤ በሽንኵርት ልጣጭ ላይ ቢሞክሩት ይበቃል። እጀታው የተነቃነቀ ቢላዋ ምንም ስል ቢሆን እስኪጠበቅ ድረስ ከሥራ ይውጣ።

በብዙ ቤት ሽንኵርትና ድንች የሚቈረጠው በመዳፍ ላይ ተይዞ፥ ስለቱ ወደ አውራ ጣት እየመጣ ነው። ሽማግሌዎች እናቶቻችን እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል ይሉ ይሆናል፤ እውነታቸውን ነው። ባልትናዋ የታወቀ ሴት በዚህ አያያዝ ሺህ ጊዜ ከትፋ አንድ ጊዜ እንኳ ላትቈረጥ ትችላለች፤ እኔም እርሷን ላስተምር አልደፍርም። ነገር ግን ያ ጥበብ የብዙ ዘመን ልምድ ነው፤ የዐሥር ዓመት ልጅ አያያዙን እንጂ ልምዱን ከእናቷ በአንድ ቀን ልትወርስ አትችልም። አክስቴም ባለሙያ ነበረች።

ለሚጀምር ሰው የሚገባው ከእንጨት መክተፊያ ላይ መቍረጥ ነው። ክብ ነገር ስለሚንከባለል፥ ሽንኵርቱ አስቀድሞ ለሁለት ይከፈልና ጠፍጣፋው ገጽ ወደ ታች ይደረጋል። የሚይዘው እጅ ጣቶች ጭልፊት ጫጩት ስትይዝ እንደምታደርገው ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ጥፍሮቹ ሽንኵርቱን ተጭነው ይይዛሉ፥ አውራ ጣት ከኋላቸው ይሸሸጋል። የቢላዋው ገጽ በታጠፉት ጣቶች አንጓ ላይ ተደግፎ ይወጣል ይወርዳል፤ ስለቱ ከአንጓው በላይ ከፍ ማለት የለበትም። እጁ ወደ ኋላ በሸሸ መጠን ቢላዋው ይከተለዋል። በመጀመሪያ ሥራው ይንቀረፈፋል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን እጅ ራሱ ያውቀዋል። ለጎመንም አያያዙ ይኸው ነው፤ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ይጨበጣል እንጂ ጣት ተዘርግቶ አይያዝም።

ዶሮ ሲበለት የሚያስቸግረው ሙላጩ ነው። ታጥቦ የወጣ ዶሮ በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ፥ እጅና እጀታውም እንዲሁ። ዐሥራ ሁለቱ ብልት የሚለየው አጥንት በመስበር አይደለም፤ መገጣጠሚያውን በእጅ አጥፎ አፉን ከከፈቱለት በኋላ ቢላዋው ያለ ትግል ያልፋል። የያዘው እጅ ከስለቱ ኋላ ይሁን እንጂ ከፊቱ አይሁን። ወንዶችም ከዚህ ትምህርት ነጻ አይደሉም፤ በግብር ላይ ቍርጡን በጥርስ ይዞ ቢላዋውን ወደ ላይ የሚሰነዝር ጐልማሳ፥ ከጠጅ በኋላ ሥጋውን በሳሕን ላይ ቈርጦ ቢጐርስ ለአፍንጫውም ለከንፈሩም ይበጀዋል።

ቢላዋ ለሰው ሲሰጥ እጀታው ወደ ተቀባዩ ይዞራል፤ ይልቁንም መሬት ወይም ገበታ ላይ አስቀምጦ አንሣው ማለት ይሻላል። የሚወድቀውን ቢላዋ እግርን ሰብስቦ ይውደቅ ብሎ መተው እንጂ መቅለብ አይገባም። በአረፋ ከደፈረሰ ማጠቢያ ውስጥ ከሳሕኖች ጋር መተውም ያልታሰበ ወጥመድ ነው፤ ቢላዋ ለብቻው ታጥቦ ወዲያው ደርቆ ወደ አፎቱ ይመለስ። በክዳኑ ሣር መካከል መሰካት ከልጆች ያርቀዋል፤ ሲመዘዝ ግን ስለቱ በማን ራስ በኩል እንደሚወርድ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ ተጠብቆ እንኳ ሰው ቢቈረጥ ቀለበቱን ያውልቅ፤ ንጹሕ ጨርቅም በቍስሉ ላይ አድርጎ አጥብቆ ይጫን፤ እጁን ከልቡ በላይ ያንሣ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ጨርቁን እየገለጡ ማየት አይገባም። ደሙ ሲቆም በንጹሕ ውሃና በሳሙና በደንብ ይታጠብ። ከዚያ አክስቴን ያልጠየቅናት ጥያቄ ይጠየቅ፦ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጥፋ፥ አንድ በአንድ ይዘርጋ፤ ዓይኑንም ጨፍኖ የጣቱ ጫፍ በላባ ሲነካ ያውቅ እንደ ሆነ ይናገር። ያልታጠፈ ወይም ያልተዘረጋ፥ ሲታጠፍ ከውስጥ የሚያም፥ የደነዘዘ፥ አፉ የተከፈተ፥ ወይም ተጭነውት ደሙ አልቆም ያለ ቍስል ነገ ይባል ዘንድ አይገባውም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

የቡና ዱቄት፥ ዐመድ፥ አፈር፥ የሸረሪት ድር በቍስል ላይ አይደረግም። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘር በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1884 ዓ.ም. ኒኮላየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከመሬት የተወሰደ አፈር በእንስሳት ቆዳ ሥር አድርጎ በሽታው ሲነሣባቸው አይቷል፤ በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ቤሪንግና ኪታሳቶ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር በሽታውን እንዲቋቋሙ በተደረጉ እንስሳት ደም ውስጥ መኖሩን አሳዩ። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከቍስሉ በኋላ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይገለጣል፤ ቍስሉም ያን ጊዜ ደርቆ ተረስቶ ሊሆን ይችላል። ክትባቱ ይከላከለዋል፤ ስለዚህ የተቈረጠ ሰው መርፌውን መቼ እንደ ተወጋ ለጤና ባለሙያው ይንገር፤ የማያስታውስም አላስታውስም ይበል።

እጁ ያመረቀዘ ሰው እስኪድን ድረስ ሊጥ አያቡካ፥ ወጥም አይሥራ። በመግል ውስጥ የሚገኙ አንዳንድ ተሐዋስያን ከምግብ ገብተው መርዝ ያፈራሉ፤ ተሐዋስያኑ በእሳት ቢሞቱም መርዙ በመፍላት አይጠፋም።

ለትምህርቱ መልመጃ መምህሩ እውነተኛ ቢላዋ ይዞ አይጀምር። ቀጭን የእንጨት ስንጣሪ በቢላዋ አምሳል ይጠረብ፥ አፉም በከሰል ይቀባ። ተማሪው ለሁለት የተከፈለ ድንች ይዞ በዚህ እንጨት እንደሚከትፍ ሆኖ ሃያ ጊዜ ያውርድ። ከዚያ እጁን ለጓደኞቹ ዘርግቶ ያሳይ፤ ከሰል የነካው ስፍራ ሁሉ ቢላዋ ቢሆን ኖሮ የሚቈረጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የአብዛኞቹ ሌባ ጣት ጫፍ ይጠቍራል፥ ክፍሉም በሣቅ ይሞላል። ወንዶቹም ልጆች አብረው ይሥሩ። በሦስት ተከታታይ ቀን ጣቱ ሳይጠቍር የተገኘ ተማሪ እውነተኛውን ቢላዋ ይቀበል፤ መምህሩም አጠገቡ ቆሞ የመጀመሪያውን ሽንኵርት አብሮት ይክተፍ።