በእጅ ስልክ የሚከፈል ገንዘብ፤ አቀባበሉና አመዘጋገቡ

በአገራችን የማርያ ቴሬዛ ብር ይሠራበት በነበረ ዘመን ነጋዴ ብር ሲቀበል እንዲሁ ወደ ከረጢቱ አይከተውም ነበር። በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቍ ነጥቦች እየተመለከተ፥ ነጥቦቹ ያለቁበትን ብር ለሰጪው ይመልስ ነበር። የወረቀት ገንዘብ ከመጣም በኋላ ጠንቃቃ ገንዘብ ያዥ ኖቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፤ በጣቱም ይዳስሳል። እንግዲህ እያንዳንዱ የገንዘብ ዐይነት የራሱ መመርመሪያ አለው ማለት ነው። ዛሬ ግን ከብርም ከወረቀትም የተለየ፥ በእጅ የማይዳሰስ ገንዘብ ወደ ሱቃችን ገብቷል፤ ይኸውም በእጅ ስልክ የሚተላለፈው ገንዘብ ነው። የዚህስ መመርመሪያው ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ለባለሱቆች፥ ለአስመጪዎችና ለላኪዎች በሚቻል መጠን ማብራራት ነው።

የአገልግሎቱ አጀማመር

በእጅ ስልክ ገንዘብ የመላክ ሥራ በምሥራቅ አፍሪካ በሰፊው የታወቀው በጎረቤታችን በኬንያ ሳፋሪኮም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ኤም-ፔሳን ከጀመረ ወዲህ ነው። «ፔሳ» በስዋሂሊ ቋንቋ ገንዘብ ማለት ነው። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. አቋቋመ፤ ኤም-ፔሳም በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ሥራውን በኢትዮጵያ ጀመረ። ባንኮችም በበኩላቸው በስልክ የሚሠራ አገልግሎት አላቸው። የዚህ ዐይነቱ አከፋፈል በብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 የሚመራ ሲሆን፥ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚደረግ ግብይትም በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 በሕግ የታወቀ ሆኗል። ስለዚህ ነገሩ የወጣቶች መጫወቻ ሳይሆን እንደ ቼክና እንደ ሐዋላ ሊጠና የሚገባው የንግድ መሣሪያ ነው።

ገንዘቡ የሚገኘው የት ነው?

ብዙ ሰዎች ገንዘቡ በስልኩ ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በስልኩ ውስጥ አንድም ሳንቲም የለም። ገንዘቡ ያለው አገልግሎቱን በሚሰጠው ድርጅት መዝገብ ላይ ነው። ስልኩ ለባለገንዘቡ ትእዛዝ መስጫ ብቻ ነው፤ የቼክ ደብተር በባንክ ላለው ሒሳብ እንደሚያገለግለው ማለት ነው።

ገዢው የሻጩን ቁጥርና የገንዘቡን ልክ ጽፎ የምስጢር ቁጥሩን ባስገባ ጊዜ ትእዛዙ ወደ ድርጅቱ ኮምፒውተር ይደርሳል። ኮምፒውተሩም በገዢው ስም በቂ ገንዘብ መኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ከአንዱ ሒሳብ ቀንሶ በሌላው ላይ ይጨምራል። ይህን ሲፈጽም ለግብይቱ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት አንድ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። በመጨረሻም ለከፋዩና ለተቀባዩ በየስልካቸው አጭር መልእክት ይልካል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቅደም ተከተል በጥንቃቄ ያስተውሉ። መልእክቱ የሚመጣው ገንዘቡ በመዝገብ ከተላለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ መልእክቱ የተፈጸመውን ነገር የሚናገር ደብዳቤ እንጂ ራሱ ገንዘብ አይደለም። ደብዳቤ ደግሞ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። የድርጅቱን አጻጻፍ አስመስሎ ከሌላ ስልክ መላክ፥ በገዢው ስልክ ላይ የሚታየውንም ምስል አኃዙን ለውጦ ማቅረብ ለአታላይ ሰው አስቸጋሪ አይደለም። ሊያታልል የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ተቀባዩ በራሱ ስልክ፥ በራሱ የምስጢር ቁጥር ገብቶ የሚያየው የራሱ ሒሳብ ነው።

በምሠራበት ቤት የደረሰ ነገር

ይህን ትምህርት ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለምና የደረሰብንን ልናገር። ጸሐፊ ሆኜ የምሠራበት ቤት የቤት ዕቃ እያስመጣ በጅምላም በችርቻሮም ይሸጣል። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ የሳምንቱን ሒሳብ ስዘጋ ከተሸጠው ዕቃ ዋጋ 18,400 ብር ጐደለ። ገንዘቡ የ2 ካርቶን ቴርሞስ ዋጋ ነበር። ዕቃውን የሸጠው ልጅ ተጠርቶ ሲጠየቅ «ገዢው በስልክ ከፍሏል፤ የተከፈለበትንም መልእክት በዐይኔ አይቻለሁ» ብሎ መለሰ። ነገር ግን በሱቁ ሒሳብ ላይ እንዲህ ያለ ገቢ አልተገኘም።

ልጁ ሁለት ዓመት ያህል ያለ ነቀፋ ያገለገለ ነው። ሆኖም ገንዘብ ሲጐድል የሰው ልብ ወደ ቅርቡ ሰው ይሄዳልና የቤቱ ባለቤት የስንብት ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ። እኔም ጻፍሁ። ልጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል ብዬ አንድ ቃል አለመናገሬን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ደብዳቤውን ለፊርማ ከማቅረቤ በፊት የደረሰኙን ቀሪ ከደብዳቤው ጋር ላያይዝ ሳገላብጠው በጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ። ልጁ ማንም ሳያዘው የግብይቱን መለያ ቁጥር ከገዢው ስልክ ላይ ገልብጦ ኖሯል።

ያን ቁጥር ይዤ የሱቁን ገቢ ወደ ኋላ እየቈጠርሁ ስፈልግ ከ11 ቀን በፊት አገኘሁት። በዚያን ቀን የገባው ግን 1,840 ብር ብቻ ነበር። ገዢው አስቀድሞ መጥቶ ሁለት ቴርሞስ በእውነት ገዝቶ ከፍሏል፤ በኋላም የዚያኑ መልእክት ምስል ቀኑን ለውጦ፥ በአኃዙ ላይ አንድ ዜሮ ጨምሮ 18,400 አድርጎ መልሶ አሳይቷል። መለያ ቁጥሩን ግን መለወጡን ዘንግቶታል።

ባለቤቱ ነገሩን በተረዱ ጊዜ ደብዳቤውን ቀደዱት። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ገንዘብ የሚገባበትን ስልክ ኪሴ ከትቼ መርካቶ የሄድሁ እኔ ነኝ። ልጁ በምን ያረጋግጥ?» አሉ። እውነታቸውን ነበር። የሱቁን ሣጥን ቈልፎ ቁልፉን ይዞ የሄደ ሰው ሻጩን ስለ ገንዘቡ ሊጠይቀው አይገባም። ለፖሊስ አመልክተናል፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። የልጁ ስም ሊተርፍ የቻለው በእርሳስ በተጻፈች አንዲት መሥመር ነው።

ልንጠብቀው የሚገባ ሥርዐት

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የተቋቋመውን ደንብ ለሌሎችም ይጠቅም ዘንድ ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ።

1ኛ/ ገንዘብ የሚገባበት ስልክ ከሱቁ አይውጣ። የባለቤቱ የግል ስልክና የሱቁ ስልክ የተለያዩ ይሁኑ። ለነጋዴ የሚሰጠውን የመቀበያ ቁጥር ማውጣትም ከግል ሒሳብ ጋር እንዳይቀላቀል ይረዳል።

2ኛ/ የገዢው ስልክ ለማስረጃነት አይታይ። ሻጩ በሱቁ ስልክ ላይ ገቢውን ይመልከት። ኢንተርኔት ቢጠፋ ወይም ስልኩ ተራ ስልክ ቢሆን በቴሌብር *127# ደውሎ ቀሪ ሒሳብን መጠየቅ ይቻላል። በደረሰው መልእክት ላይ ብቻ አይታመን፤ ሒሳቡን ይይ።

3ኛ/ መልእክት በዘገየ ጊዜ ገዢውን በሌብነት አንጠርጥር። መሥመር ሲጨናነቅ የታማኝ ሰው ክፍያ መልእክትም ሊዘገይ ይችላል። በትሕትና «ጥቂት ይታገሡን» ብሎ ሒሳቡን መመልከት ይገባል። እኛ በሱቁ ግድግዳ ላይ «ክፍያዎ በሱቁ ስልክ ላይ ሲታይ ዕቃው ይሰጣል» የሚል ጽሑፍ ሰቅለናል። ደንቡ ለሁሉ እኩል ስለ ሆነ እስከ ዛሬ የተቀየመ ደንበኛ የለም።

4ኛ/ የግብይቱ መለያ ቁጥር፥ የገንዘቡ ልክና ሰዓቱ በደረሰኙ ቀሪ ላይ ይጻፍ። አንድ ቁጥር ለሁለት ግብይት አይሰጥም፤ ሁለት ጊዜ ከታየ አንደኛው ሐሰት ነው።

5ኛ/ በየማታው ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት የደረሰኙ ድምርና በስልኩ የገባው ገንዘብ ይመሳከር። እኛ ሳምንት መጠበቃችን በደልን ሰው ላይ ሊያደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

6ኛ/ የምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገር። ከድርጅቱ ነኝ ብሎ ደውሎ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ስልኩን መዝጋት ነው። «በስሕተት ልኬልዎታለሁ፤ ይመልሱልኝ» የሚል ሰው ቢደውልም አስቀድሞ ሒሳብን መመልከት፥ ገብቶ ቢገኝም በድርጅቱ በኩል እንዲመለስ ማድረግ ይሻላል። ሲም ካርዱ በድንገት አልሠራ ቢል ሌላ ሰው በሱቁ ቁጥር አስወጥቶ እንዳይሆን ወዲያው ለድርጅቱ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ስለ ቀንና ስለ ሰዓት

በመዝገብ አያያዝ ረገድ ብዙዎችን የሚያሳስተው የቀንና የሰዓት ጉዳይ ነው። በስልክ የሚመጣው መልእክት በብዙው ጊዜ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፈ ሲሆን የሱቁ መዝገብ ግን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው። በመልእክቱ 14:20 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ነው። ከዚህም ሌላ በእኛ ዘንድ ቀን የሚጀምረው ከንጋት ሲሆን በስልኩ ግን ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከዚያ ሰዓት በኋላ የገባ ገንዘብ በስልኩ የነገው ሆኖ ይገኛል። ሌሊት የሚሠሩ ምግብ ቤቶችና መድኃኒት ቤቶች ይህን ካላስተዋሉ ሒሳባቸው በየቀኑ የጐደለ ወይም የተረፈ ይመስላቸዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በመዝገቡ ላይ ለሁለቱም አቈጣጠር ጐን ለጐን ዐምድ ማበጀት ነው።

ስለ ኪውአር ኮድ

በየሱቁ የሚለጠፈው ጥቁርና ነጭ ባለአራት ማዕዘን ምልክት ኪውአር ኮድ ይባላል። የተፈለሰፈው በጃፓን አገር እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ዴንሶ በተባለው ኩባንያ የመኪና ዕቃ መለዋወጫዎችን ለመቈጣጠር ነበር። በሦስቱ ማዕዘኖች ላይ ያሉት ትልልቅ ምልክቶች ስልኩ ጽሑፉን ከየት ጀምሮ እንደሚያነብ ያስታውቁታል። ለገዢው ቁጥር ከመጻፍ ስለሚያድነው ስሕተትን ይቀንሳል። ነገር ግን የሰው ዐይን ሊያነበው ስለማይችል ሌላ ሰው የራሱን ምልክት በላዩ ላይ ቢለጥፍበት ባለሱቁ አያውቅም፤ ገንዘቡም ቀኑን ሙሉ ወደ ሌላ ሰው ሲፈስስ ይውላል። ስለዚህ በየጥዋቱ በሌላ ስልክ ምልክቱን አንሥቶ የሱቁ ስም መምጣቱን ማየት መልካም ልማድ ነው።

ለአስመጪዎችና ለላኪዎች

ይህ ትምህርት የባለሱቆች ብቻ አይምሰለን። ዕቃ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ከገዢው በስልክ የተላከለትን የባንክ ማስተላለፊያ ምስል አይቶ የጭነቱን ሰነድ ቢለቅ፥ ያ ልጅ በቴርሞሱ ላይ ከሠራው ስሕተት የሚለየው በገንዘቡ ብዛት ብቻ ነው። ገንዘቡ መግባቱን ሊናገር የሚችለው የራሱ ባንክ ነው። እንዲሁም አስመጪው «የባንክ ሒሳባችን ቁጥር ተለውጧል፤ ክፍያውን ወደዚህ ላኩ» የሚል ደብዳቤ በኢሜይል ቢደርሰው፥ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን አስቀድሞ በሚያውቀው ስልክ ደውሎ ሻጩን ሳያነጋግር አንዳች መክፈል የለበትም።

ማጠቃለያ

ማታለል በደረሰ ጊዜ መልእክቱን፥ ስልክ ቁጥሩንና ሰዓቱን ሳያጠፉ ለድርጅቱና ለፖሊስ ማመልከት ይገባል፤ በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለልና ሐሰተኛ ሰነድ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ይሁን እንጂ ከክስ ጥንቃቄ ይቀድማል። «ጠርጥር፤ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይላል ያገራችን ሰው።

በስልክ መክፈል ለነጋዴ ብዙ ጥቅም አለው፤ ዝርዝር ሳንቲም መፈለግን ያስቀራል፥ ገንዘብ ተሸክሞ በመንገድ ከመሄድ ያድናል፥ እያንዳንዱንም ግብይት ጽፎ ያኖራል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን የገዢውን ስልክ ከማየት ይልቅ የራስን ሒሳብ ማየትን ለለመደ ሰው ነው። አንባቢ ይህን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ከሁሉ አስቀድመው አንድ ነገር እንዲያደርጉ እለምናለሁ፤ በሱቅዎ ገንዘብ የሚገባበት ስልክ አሁን በማን ኪስ እንዳለ ይጠይቁ።