የኮረሪማ፣ የዝንጅብልና የእርድ መዓዛ ከምን ይመጣል? እንዴትስ ይጠበቃል?

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትጨርሱ ለሦስቱ ቅመሞች መዓዛ የሚሰጡትን ንጥረ ነገሮች ለይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ከለቀማ እስከ ክምችት መዓዛው የሚባክንባቸውን ቀዳዳዎችም መዝጋት ትችላላችሁ።

መግቢያ

ውድ አርሶ አደሮች፣ ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና እርድ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ቅመም የሚያውቅ ገዢ ምርታችሁን ከመመዘኑ በፊት ሰብሮ ያሸታል። የሚያሸተው መዓዛማ ዘይቱን ነው። የምግብ ዘይት ወረቀት ላይ ሲንጠባጠብ እድፉ ይቀራል፤ መዓዛማ ዘይት ግን አብዛኛው ተንኖ ይጠፋል። ስለዚህ ግቢያችሁን ያወደው ጠረን ከምርታችሁ የወጣ ሀብት ነው።

1. ዘይቱ ምን ይዟል?

መዓዛማ ዘይት የብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ነው። አብዛኞቹ ተርፒን ይባላሉ። 10 ካርቦን ያላቸው ቀላሎቹ ቶሎ ይተናሉ፤ 15 ካርቦን ያላቸው ከባዶቹ ግን ይዘገያሉ።

ኮረሪማ፦ በፍሬው ዘይት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሲኒዮል ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ዋና ክፍልም ይኸው ነው። ሲኒዮል ከቀላሎቹ ወገን በመሆኑ ፈጥኖ ይተናል። ባልትና የሚያውቁ እናቶች ኮረሪማ ያለበትን መከለሻ ወጡ ሊወርድ ሲል የሚጨምሩት በከንቱ አይደለም።

ዝንጅብል፦ ከ100 ኪሎ ደረቅ ዝንጅብል ውስጥ ከ1 እስከ 3 ኪሎ የሚሆነው መዓዛማ ዘይት ነው። ከባዱ ዚንጂበሪን ዋናው ነው፤ የሎሚ ጠረን የሚሰጠው ሲትራል ደግሞ በጠጅ ሣርም ይገኛል። የሚያቃጥለው ግን ዘይቱ ሳይሆን ጂንጀሮል የተባለ የማይተን ንጥረ ነገር ነው። ሲደርቅ ከፊሉ ይበልጥ ወደሚያቃጥል ሾጋኦል ይለወጣል። ስለዚህ ምላስ ስላቃጠለ ብቻ መዓዛው አለ አትበሉ።

እርድ፦ መዓዛው በዋናነት ተርመሮን ከሚባሉት ከባድ ንጥረ ነገሮች ይመጣል። ቢጫው ቀለም ኩርኩሚን ነው፤ አይተንም፣ ብርሃን ግን ያደበዝዘዋል።

2. መዓዛው የሚባክነው የት ነው?

ሀ. ሳይደርስ መልቀም፦ ብዙዎቻችሁ ጦጣና ሌባ እንዳይቀድማችሁ ኮረሪማን በአረንጓዴው ትለቅማላችሁ። ስጋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልበሰለ ፍሬ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ክብደቱም መዓዛውም ይቀንሳል። ከጎረቤት ጋር ጥበቃና የለቀማ ቀን ተስማሙ፤ የቀላውን ብቻ እየመረጣችሁ ልቀሙ።

ለ. ጠልቆ መላጥ፦ የዝንጅብል የዘይት ከረጢቶች በብዛት ከቆዳው ሥር ይገኛሉ። ቆዳውን በስሱ ፋቁ እንጂ ሥጋውን አትቁረጡ።

ሐ. የእርድ አቀቃቀል፦ ሳትቆርጡ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ቀቅሉ። አረፋ ሲወጣና ጠረኑ ሲሸት ይብቃው። ከዚያ በላይ ከቆየ ቀለሙ ይጎዳል።

መ. መሬት ላይ ወይም ጭስ ላይ ማድረቅ፦ መሬት ላይ የተሰጣ ምርት አፈርና ሻጋታ ያገኘዋል። እሳት ዘይቱን ያስወጣል፤ ጭስ ደግሞ የራሱን ጠረን ይተካበታል። እንደ ቡና በአልጋ ላይ በስሱ አስጡ፣ ማታ ሸፍኑ። ዝንጅብል ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርቋል፤ በመለኪያ እርጥበቱ ከ12 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ሠ. መፈልፈልና መፍጨት፦ የኮረሪማ ልባሱ የዘይቱ ክዳን ነው፤ እስክትሸጡ ከነልባሱ አቆዩ። ዝንጅብልና እርድንም ቀድማችሁ አታስፈጩ። በንጹሕ ጆንያ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። ማዳበሪያ ወይም ኬሚካል የነበረበትን ከረጢት በፍጹም አትጠቀሙ።

3. ተግባራዊ ልምምድ

እኩል የተቀጠቀጠ ዝንጅብል በሁለት ድስት፣ በእኩል ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ አፍሉ። አንዱን ክደኑ፣ ሌላውን ክፍት ተዉ። እሳቱን አጥፍታችሁ የተከደነውን ሳትከፍቱ አቀዝቅዙ፤ ከዚያ አሽቱና ቅመሱ። ሁለቱም ያቃጥላሉ፤ ክፍት የነበረው ግን መዓዛው ይደክማል። ዘይቱ በእንፋሎቱ ሄዷል። በማጣሪያ የሚወጣ መዓዛማ ዘይትም የሚገኘው ይኸው እንፋሎት ተይዞ ሲቀዘቅዝ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ምርት ዘመን ከአምስቱ ቀዳዳዎች በየትኛው ብዙ መዓዛ አባከናችሁ?
2. በልማት ቡድናችሁ የጋራ የኮረሪማ ለቀማ ቀን ለመወሰን ምን ያስፈልጋል?